ወራሽ የሌለው ጀናዛ የማን ነው?

 

 ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሳሱኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን በአቃቂ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ቀብሮች ናቸው። በአንደኛው ተገኝቻለሁ። በሁለተኛው አልተገኘሁም፤ እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም አልተገኘም።

የመጀመሪያው ሟች በአካባቢያችን የታወቁ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። ጀናዛቸው በወጣ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። ሰው ከሳሪስም ከቃሊቲም በአውቶቡስ መጣ። ቃሬዛውን ለመሸከም ተራ ማግኘት እንኳ አስቸጋሪ ነበር። እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

ሁለተኛው ሟች ቃሊቲ አካባቢ ከጭነት መኪና ላይ ጆንያ በማውረድ የሚተዳደር ሰው ነበር። ሱብሒን ከእኛ ጋር ይሰግዳል፣ ሰላምታ ይመልሳል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዱ የወሎ ሰው ነው ይል ነበር፤ ሌላው ሐረርጌ ነው ይል ነበር። እኔ ግን አገሩን ጠይቄው አላውቅም። በመስጂዱ አጥር ሥር ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት አንድ ቀን ጠርታ «ያ ጆንያ የሚሸከመው ልጅ ሁለት ጁሙዓ ቀረ፤ ታሞ እንዳይሆን» አለችኝ። «ኢንሻ አላህ እጠይቃለሁ» አልኳት። አልጠየቅሁም።

በእርግጥም ታሞ ነበር። አብረውት የሚሸከሙ ልጆች በባጃጅ ወደ አንድ ሆስፒታል አደረሱት፤ ከቀናት በኋላ እዚያው አረፈ። መታወቂያ አልተገኘለትም። አስከሬኑን እወስዳለሁ የሚል ዘመድም ቀረ። በመጨረሻ ጠያቂ የሌለውን አስከሬን የመቅበር ኃላፊነት ያለበት የመንግሥት አካል ቀበረው። እኛ የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነው። ሙስሊም መሆኑን ለሆስፒታሉ የተናገረ ሰው አልነበረም። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

ኢማማችን ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም አሥራ አንድ ሆነን ወደ መቃብሩ ሄድን። የመቃብሩ ሠራተኛ በአንድ መስመር የተቆለሉ ሰባት አዳዲስ አፈሮችን አሳየንና «ከነዚህ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» አለን። ኢማሙ ሰባቱንም ከፊታችን በቂብላ በኩል አድርገው አሰለፉንና «ኒያችሁን በዚያ ሰው ላይ አድርጉ» አሉን። አራት ተክቢራ አድርገን ሰገድን። ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጉዳይ ከኪታብም ከዑለሞችም ስጠይቅ ቆየሁ። ያገኘሁትን ለአንባብያን ላካፍል።

ፈርዱል ኪፋያ ሲባል

ቀብር ከሰው ልጅ ጋር የተጀመረ ነገር ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ የአደም ልጅ ወንድሙን ከገደለ በኋላ አስከሬኑን ምን እንደሚያደርገው ግራ በገባው ጊዜ አላህ መሬት የሚጭር ቁራ ልኮ እንዳስተማረው ይነግረናል። በሱረቱ ዐበሳም አላህ ለሰው ከዋለለት ጸጋ መካከል ከሞተ በኋላ መቀበሩ ተቆጥሯል። እንግዲያው ቀብር ሟች በሕይወቱ በሠራው ሥራ ወይም ባፈራው ዘመድ ልክ የሚሰጠው ሽልማት አይደለም፤ ሰው በመሆኑ ያገኘው መብቱ ነው።

የአንድ ሙስሊም ጀናዛ በሕያዋን ላይ አራት ነገሮችን ግዴታ ያደርጋል፤ ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር። ዑለሞች እነዚህን ፈርዱል ኪፋያ ይሏቸዋል፤ ማለትም ከመካከላችን የሚበቁ ሰዎች ከፈጸሙት ግዴታው ከሌሎቻችን ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁላችንም እንጠየቅበታለን።

ብዙዎቻችን ከዚህ ድንጋጌ የምንይዘው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «ሌላ ሰው ይሠራዋል» ብለን እንተኛለን። ሁሉም እንደዚያ ብሎ ሲተኛ ደግሞ ሰውየው ሳይሰገድበት ይቀበራል። አንዳንዶቻችን «እኔ አላወቅሁም፤ ያላወቀ አይጠየቅም» እንላለን። በዚህ ነጥብ ላይ የሻፊዒ መዝሀብ ዑለሞች የጻፉትን ሳገኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሚጠየቀው ዐውቆ የተወው ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ የቀረውም ቢሆን ለቦታው ቅርብ ከነበረና አለመጠየቁ ቸልተኝነት ከሆነ አብሮ ይጠየቃል። ሻይ ሻጯ ነግራኝ ነበር። የእኔ አለማወቅ የቸልተኛ ሰው አለማወቅ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቋቸው ሰዎች

ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች በአንዱ የመዲናን መስጂድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ትወሳለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጧትና ጠየቁ። ሞታ መቀበሯን ነገሯቸው። ሶሓቦቹ ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥረውት ነበር። እሳቸው ግን ለምን እንዳልነገሯቸው ወቅሰው መቃብሯን እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁና በመቃብሯ ላይ ሰገዱባት። ዑለሞች ሳይሰገድበት በተቀበረ ሰው መቃብር ላይ መስገድ እንደሚቻል ማስረጃ የሚያደርጉት ይህን ነው። የእኛም ኢማም ያን ቀን ወደዚያ የወሰዱን ይህን ይዘው ነው።

ሁለተኛው ሰው ጁለይቢብ (ረ.ዐ.) ነው። ሙስሊም እንደዘገቡት ከአንድ ዘመቻ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማን እንደጎደለ ሲጠይቁ ሰዎች የየራሳቸውን ሟች ጠሩ። ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም የታወቁትን ጠሩ። በመጨረሻ ሌላው ጎደለ የሚለው አጥቶ ነቢዩ ራሳቸው ጁለይቢብን እንዳጡት ተናገሩ። ፈልገው ሲያገኙት ሰባት ጠላቶችን ጥሎ ከጎናቸው ወድቋል። ነቢዩም በክንዳቸው ተሸከሙት፤ መቃብሩ ተቆፍሮ እስኪያልቅ ከክንዳቸው ሌላ ቃሬዛ አልነበረውም። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ከሸክሙ በፊት የመጣውን ጥያቄ ነው። ማን እንደጎደለ ያልጠየቀ ማኅበረሰብ ማንን እንደሚቀብር ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛው የአገራችን ሰው ነው። ነጃሺ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ምድር ባረፈ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያው ቀን ሞቱን ለሶሓቦቻቸው ነግረው አሰለፏቸውና አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። ከዑለሞች አንዳንዶቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ በአገሩ የሚሰግድበት ሰው ስላልነበረ ነው ይላሉ። ሶላተል ጋኢብ ለምንለው ዋነኛው ማስረጃ ይህ ነው። ንጉሥ ሆኖም በሞቱ ሰጋጅ ያጣ ሰው የእኛው ወገን ነበር። ስለዚህ በዚህ አገር የሚኖር ሙስሊም የእንግዳ ጀናዛ ጉዳይ አይመለከተኝም ሊል ከቶ አይገባውም።

ወጪው ከየት ይመጣል?

ሸሪዓው የጀናዛን ወጪ ቅደም ተከተል አስቀምጦለታል። አንደኛ ሟቹ ከተወው ንብረት ይወሰዳል፤ ይህም ከዕዳውም፣ ከኑዛዜውም፣ ከውርሱም በፊት ነው። ሁለተኛ ንብረት ከሌለው በሕይወቱ ሊቀልቡት ግዴታ የነበረባቸው ዘመዶቹ ይከፍላሉ። ሦስተኛ እነርሱም ከሌሉ ከበይቱልማል ይወጣል። አራተኛ በይቱልማል በሌለበት ዐቅም ያላቸው ሙስሊሞች ይሸፍናሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወራሽ ለሌለው ወራሹ እሳቸው መሆናቸውን መናገራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ከሟች ንብረት ላይ በቅድሚያ እንዲከፈል የሚያዘው የቀብሩን ወጪ ነው፤ ወራሽ ያልተገኘለትን ውርስ ደግሞ ለመንግሥት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ለከፈኑና ለቁፋሮው ዘካ መጠቀም ይቻላልን? አብዛኞቹ ዑለሞች አይቻልም ይላሉ፤ ዘካ በተቀባዩ እጅ መግባትና ንብረቱ መሆን ስላለበት፣ ሟች ደግሞ ባለንብረት መሆን ስለማይችል ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ለብቻው የተቀመጠ የሰደቃ ገንዘብ ነው። ገንዘቡም ብዙ አይደለም። ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ነጭ ጨርቅ፣ ሲድር ወይም ሳሙና፣ ጥቂት ካፉር፣ የመኪናና የቁፋሮ ሒሳብ ነው። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ.) በኡሑድ ሲወድቅ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ የሚገለጥ አንዲት ልብስ ብቻ ነበረችው፤ ራሱን በልብሷ፣ እግሩን በሣር ሸፍነው ቀበሩት። ዐቅም ሲያንስ ዲኑ ያቀልላል። ባለቤት ማጣትን ግን አያቀልለውም።

ሃይማኖቱ ያልታወቀስ?

በከተማችን ወድቆ የሚገኝ ሰው ሁሉ ሃይማኖቱ በግንባሩ አይጻፍም። ግርዛት እንኳ በአገራችን ምልክት ሊሆን አይችልም፤ ክርስቲያን ወንድሞቻችንም ይገረዛሉ። ስሙ፣ ያደረው ክታብ ወይም ማተብ፣ አብረውት የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይጠየቃሉ። የሙስሊምና የሌሎች አስከሬን ተቀላቅሎ መለየት ካልተቻለ ደግሞ አብዛኞቹ ዑለሞች ሁሉም ይታጠባሉ፣ ይከፈናሉ፣ ሲሰገድ ግን ኒያው ለሙስሊሞቹ ይሆናል ብለዋል። በሰባቱ አፈር ፊት የቆምንበት ሶላት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነበር።

ሙስሊም አለመሆኑ የታወቀስ? የአይሁድ ጀናዛ ሲያልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሥተው ቆሙ። አይሁድ መሆኑ ሲነገራቸው እርሱም ነፍስ አይደለችምን የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለዚህ ጠያቂ ያጣው ጎረቤታችን ክርስቲያን ከሆነ የሃይማኖቱን ሥርዓት ለባለቤቶቹ ትተን፣ እነርሱን ጠርተን፣ በገንዘብም በጉልበትም ማገዝ የጎረቤት ሐቅ ነው።

እድራችን የሚተወው ሰው

አቃቂ ቃሊቲ የእንግዳ አገር ናት። የምድር ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱና የመለዋወጫ ዕቃው ፋብሪካ ከየክፍለ ሀገሩ ሰው ጠራ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈትም የመኪናውና የጫኝ አውራጁ ቁጥር አብሮ በዛ። ብዙው ሰው ዛሬ እዚህ ያድራል፣ ነገ ገላን ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ይመጣል።

እድር ከተሞቻችን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲያድጉ አብሮ የተስፋፋ የሕዝቡ ታላቅ መደጋገፊያ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ቀባሪውንም ያመጣል። ነገር ግን የሚሠራው ለተመዘገበና ወርሐዊ መዋጮውን ለሚከፍል ነው። አልጋ በሌሊት የሚከራይ ሰው ቋሚ አድራሻ የለውም፤ ቋሚ አድራሻ የሌለው አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ ሲሞት የሚጮህለት ጡሩምባ የለም። እድሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተሠራው ለባለቤትና ለጎረቤት በመሆኑ ነው። ባለቤትም ጎረቤትም የሌለው ሰው በመካከል ይወድቃል። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው ማንም ሳይመዘገብ የሚገባበት ቤት ነው፤ እርሱም መስጂድ ነው።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

የፓኪስታኑ ዐብዱልሰታር ኢድሂ በ1951 እ.ኤ.አ. በካራቺ ከአንዲት ትንሽ የመድኃኒት መስጫ ተነሥተው በ2016 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስ ጠያቂ የሌላቸውን አስከሬኖች ሲያነሱና ሲቀብሩ ኖረዋል። ድርጅታቸው በካራቺ ዳር ባለው መቃብር ስሙ ላልታወቀ ሟች በመቃብሩ ላይ ቁጥር ያኖራል።

በህንድ ፋይዛባድ ደግሞ ሙሐመድ ሸሪፍ የተባሉ ብስክሌት ጠጋኝ አሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. ልጃቸው በሌላ ከተማ ተገድሎ ጠያቂ የለውም ተብሎ አስከሬኑ እንደተወገደ የሰሙት ዘግይተው ነው። ከዚያ ወዲህ በየሆስፒታሉና በየባቡር ጣቢያው እየዞሩ ባለቤት ያጡ አስከሬኖችን በሺዎች ሸኙ፤ ሙስሊሙን በሙስሊም ሥርዓት፣ ሂንዱውን በሂንዱ ሥርዓት። መንግሥታቸው ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት በ2020 እ.ኤ.አ. አወጀላቸው። ሥራውን የጀመሩት ግን ለልጃቸው ያልተደረገለትን ለሰው ልጅ ለማድረግ ነበር።

እኛም በዚህ በኩል ባለዕዳ ነን። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በየመን አብየን የባሕር ዳርቻ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ በርካቶች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ባሕሩ የተፋቸውን አስከሬኖች ያነሱት ስማቸውን የማያውቁ፣ ቋንቋቸውን የማይሰሙ የዚያ አገር ሰዎች ናቸው። ልጆቻችንን የሰው አገር ሰው ሲያነሣልን እኛ በደጃችን የወደቀውን ብንተው ምን መልስ ይኖረናል?

ምን እናድርግ?

በእኔ እምነት የሚከተሉት ከማንኛውም መስጂድ ዐቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ መስጂዱ ደብተር ይኑረው። ዘመድ በአቅራቢያው የሌለው ሰጋጅ ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና አንድ የዘመድ ስልክ ያስመዝግብ። ክፍያ አይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ የታወቀ ተጠሪ ይመረጥ። ስሙና ስልኩ በወረዳው፣ በፖሊስ ጣቢያውና በአካባቢው ሆስፒታሎች ይቀመጥ። ሙስሊም የመሰለ ጠያቂ የሌለው ሟች ሲገኝ ይደወልለት። ፖሊስ የሞቱን ምክንያት ማጣራት ካለበት በትዕግሥት ይጠበቅ፤ ከተፈቀደ በኋላ ግን አይዘግይ። ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው።

ሦስተኛ፣ ከፈንና የማጠቢያ ዕቃ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። የሚያጥቡ ሰዎችም ይሠልጥኑ፤ በተለይ ሴቶች። ሴትን ሴት ታጥባታለች። በብዙ ሰፈር ይህን የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት አሮጊቶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ማን ሊተካ ነው?

አራተኛ፣ በመቃብሩ ላይ ምልክት፣ በደብተሩም ላይ ቀንና ቦታ ይመዝገብ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይህም ይፈጸም። ዛሬ ዘመድ አልተገኘም ማለት ነገ እናት ከገጠር ተነሥታ አትመጣም ማለት አይደለም። ስትመጣ «ከሰባቱ አንዱ ነው» አንበላት። ከሟች ኪስ የተገኘ ገንዘብና ዕቃም በምስክር ይቆጠር፤ ከቀብሩ ወጪና ከዕዳው የተረፈው የወራሾቹ አማና ነው።

አምስተኛና ዋነኛው፣ እንጠይቅ። ከሶላት በኋላ ቀኝና ግራችንን እንይ። በሁለት ጁሙዓ ያላየነውን ሰው ቤቱ ድረስ እንሂድ። ጀናዛው ላይ ሰግዶ እስኪቀበር የቆየ ሰው ሁለት ቂራጥ ምንዳ እንደሚያገኝ፣ እያንዳንዱም ታላቅ ተራራን እንደሚያህል በሐዲስ ተነግሯል። ይህ ምንዳ ሰው በተሰበሰበበት ጀናዛም ይገኛል፤ ሰው ባልተሰበሰበበት ጀናዛ ግን ግዴታው በእያንዳንዳችን ላይ ይከብዳል።

ውድ አንባብያን፣ ጽሑፌን ከመቋጨቴ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ቀን በኋላ በመስጂዳችን ደብተር ተከፈተ፤ ተጠሪም ተመረጠ። ከወራት በኋላ ስልኩ ተደወለ። ከዐረብ አገር ተመልሳ በሰው ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት እህት አርፋለች፤ ስሟ በደብተራችን የለም፤ የምታውቃት አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናት። ሦስት የሰፈራችን ሴቶች አጠቧት፤ አንዷ ያቺ ሻይ ሻጭ ነበረች። ከዙህር በኋላ ተሰገደባት። እኔም ተሸከምኩ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሸኹ ተልቂን ሊያደርጉላት ተቀመጡ። በዚህ ላይ ዑለሞች ቢለያዩም በአገራችን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሟች በእናቱ ስም ይጠራል። ሸኹ ቀና ብለው «የእናቷ ስም ማን ነው?» አሉ። ጓደኛዋ አታውቅም፤ እኛም አናውቅም። እናቱ ላልታወቀች ሰው ኪታቡ መፍትሔ አለው፤ ወደ ሁላችንም እናት ይጠጋል። ሸኹም አጎንብሰው «አንቺ የሐዋ ልጅ ሆይ» ብለው ጠሯት።

ያን ጊዜ ያ ጆንያ ተሸካሚ ትዝ አለኝ። እርሱም የሐዋ ልጅ ነበር። ዘመድ የለውም ያልነው እኛው ነን።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእርሱም፣ ለእርሷም፣ ለሙታኖቻችንም ሁሉ ይማርልን፤ ያጎደልነውን ይቅር ይበለን፤ መጨረሻችንንም ያሳምርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።